በቀን 288 ቀጠሮ

«ሀጂ፣ ኢሜይላችን ከዛሬ ጀምሮ ደመና ላይ ነው» ያልኳቸው ዕለት መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ትክ ብለው አዩኝ። ሀጂ መርካቶ፣ ሸራ ተራ ውስጥ ሸራና ፕላስቲክ በጅምላ መሸጥ ከጀመሩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ለእሳቸው ደመና ማለት ሰኔ ሊገባ ሲል በእንጦጦ በኩል የሚጠቁረው ነገር ነው። እሱ ሲመጣ ገዢ ይመጣል፤ እሱ ሲጠፋ ሸራው ተጠቅልሎ ይተኛል።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፤ «እኔ ሸራ የምሸጠው ሰው ዕቃውን ከደመና እንዲያድን ነው። አንተ ደግሞ የእኔን ዕቃ ወስደህ ደመናው ላይ ጫንከው?»

አስረዳኋቸው። ደብዳቤያቸው፣ ቀጠሯቸው፣ የስልክ ማውጫቸው ሩቅ አገር በተተከሉ ትልልቅ ኮምፒውተሮች ውስጥ እንደሚቀመጥ፣ እሳቸው በየወሩ ኪራይ እየከፈሉ በስልካቸው እንደሚያዩት ነገርኳቸው።

«ታዲያ መጋዘን አትለኝም!» አሉና መነጽራቸውን መለሱ። ከዚያን ቀን ወዲህ በእኛ ሰፈር ክላውድ የሚባል ነገር የለም። ሀጂ ሲደውሉልኝ «መጋዘኑ ተከፍቷል?» ነው የሚሉኝ።

ሥራዬን ልንገራችሁ። ከሀጂ ሱቅ ሁለት መታጠፊያ ርቆ፣ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ኢሜይል ተከራይተው ለሚሠሩ አስመጪዎችና ጅምላ ነጋዴዎች «ክትትል» እናደርጋለን። ከክትትሉ ውስጥ የእኔ ድርሻ ካላንደሩ ነው። ሰው ቀጠሮ ሲይዝ ቶሎ ይመዘገብለታል ወይ? ግብዣው ለተጋባዡ ይደርሳል ወይ? «እገሌ በዚያ ሰዓት ባዶ ነው ወይ?» ብለው ሲጠይቁት ማሽኑ በስንት ሰከንድ ይመልሳል? እነዚህን ነው የምጠብቀው። እናቴ ሥራህ ምንድን ነው ብላ አጥብቃ ስትጠይቀኝ «ቀጠሮ እጠብቃለሁ» አልኳት። «አይዞህ ልጄ፣ ሥራ እስክታገኝ ምን ይደረጋል» ብላ አጽናናችኝ።

ለዚህ ሥራ ሁለት የውሸት ሰዎች አሉን። አንዱን «ጠሪ»፣ ሌላውን «ተጠሪ» ብለን ሰይመናቸዋል። ሁለቱም የኢሜይል አድራሻ አላቸው፤ ነፍስ ግን የላቸውም። በየአምስት ደቂቃው ጠሪ ተጠሪን «ሙከራ» በሚል ርዕስ ስብሰባ ይጠራዋል። ተጠሪ ግብዣውን ይቀበላል። ጠሪ መቀበሉን አይቶ ቀጠሮውን ይሰርዘዋል። ከጥሪው እስከ ስረዛው ያለፈው ጊዜ ተለክቶ ስክሪኔ ላይ ይወጣል፤ ፈጣን ከሆነ አረንጓዴ፣ ከተጎተተ ቢጫ፣ ከቀረ ቀይ። በየአምስት ደቂቃው ማለት በቀን 288 ቀጠሮ ነው። በዓመት ከመቶ ሺህ ያልፋል። መርካቶን አራቱን ማዕዘን ብትዞሩ እንደነዚህ ሁለቱ ቀጠሮ አክባሪ አታገኙም። ከመቶ ሺህ ቀጠሮ በኋላም ግን አንድ ቀን እንኳን አልተገናኙም።

ሀጂ አንድ ቀን ቢሯችን ድረስ ወጡ። ሊፍቱ እንደ ልማዱ ስለማይሠራ አራቱን ፎቅ በእግራቸው ነው የመጡት። ወንበር ስቤላቸው፣ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ስክሪኑን ሲመለከቱ ቆዩና «ይሄ የሚዘለው መስመር የማን ልብ ነው?» አሉኝ።

«ፒንግ ይባላል ሀጂ። ወደ መጋዘኑ ትንሽ ምልክት እንልካለን። መልሱ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ እንቆጥራለን።»

«ይሄማ ሚስኮል ነው!»

በዚህ ሙያ ስቆይ ከዚህ የተሻለ ፍቺ አልሰማሁም። ሚስኮል ታደርጋለህ፤ ሒሳብ አይቆርጥም፤ የምትፈልገው መኖሩን ማወቅ ብቻ ነው። ቶሎ ከመለሰ ደኅና ነው። ከዘገየ ሥራ በዝቶበታል። ጭራሽ ካልመለሰ ወይ ኔትወርክ የለውም፣ ወይ ብድር አለበት።

የእኛ ሚስኮል ግን መንገዱ ረጅም ነው። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ኢንተርኔቷም እንደ ኮንቴይነሯ በጎረቤት በኩል ነው ወደ ባሕሩ የሚወርደው። ይህን ስነግራቸው ሀጂ ደነገጡ። «ጅቡቲ ላይ ያድራል? ዲመሬጅ አለው?» አሉኝ። አያድርም፤ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ደርሶ ይመለሳል ስላቸው ለአፍታ ዝም ብለው፣ «ኮንቴይነሬንም በዚያው ላክልኝ» አሉ።

ከዚያ ስለ ኢሜይሉ ኪራይ ውል አወራን። ትልልቆቹ የኢሜይል አከራዮች፣ ጉግልም ማይክሮሶፍትም፣ አገልግሎታችን በወሩ ውስጥ 99.9 በመቶ ሳይቋረጥ ይሠራል ብለው ነው ቃል የሚገቡት። ሀጂ በሒሳብ የሚያድሩ ሰው ስለሆኑ ወዲያው «የቀረችው ነቁጥ ስንት ደቂቃ ናት?» አሉ። ሠላሳ ቀን 43,200 ደቂቃ ነው። አንድ ሺኛው 43 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ይሆናል። በየወሩ ያን ያህል ቢጠፉ ጥፋት የለባቸውም ማለት ነው። ከዚያ ካለፈስ? ገንዘቡን በእጅህ አይመልሱም፤ ወይ ጥቂት ቀን አገልግሎት ይጨምሩልሃል፣ ወይ ከኪራይህ ላይ ያስቡልሃል። «መረቁኝ በለኛ» አሉ ሀጂ። በእሳቸው ሱቅ ሁለት ጥቅል ሸራ የገዛ ሰው ገመድ ይመረቅለታል፤ የተመረቀለት ግን ሸራው ስለተቀደደ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የፈረንጅ ወር አንዴ 28፣ አንዴ 30፣ አንዴ 31 ስለሚሆን የእነሱ ደቂቃ በየወሩ ይለዋወጣል። የእኛ ወር ግን ሁልጊዜ ሠላሳ ነው፤ 43 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ንቅንቅ አይልም። ይህ ውል ለሐበሻ አቆጣጠር የተሰፋ ይመስላል። ችግሩ ጳጉሜን ናት። ለጳጉሜን የሚደርሳት 7 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ብቻ ነው፤ በዘመነ ሉቃስ ስድስት ቀን ስትሆን 8 ደቂቃ ከ38 ሰከንድ። ይህን አስልቼ ለሀጂ ስነግራቸው «ለእቁብ ዳኛችን አንድም ደቂቃ የለውም፤ እሑድ አምስት ሰዓት ካለ አምስት ሰዓት ነው። ያረፈደ ይቀጣል። ማንም አይመርቀውም» አሉኝ።

ሰዓት ካነሳን፣ ገመናዬን ላውጣው።

በ2015 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ነው። ሀጂ ጓንጁ ካለ የፕላስቲክ ፋብሪካ ሰው ጋር በቪዲዮ ሊነጋገሩ ነበር። «ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ያዝልኝ» አሉኝ። ሥራዬ ካላንደር መሆኑን፣ በቀን 288 ቀጠሮ የምቆጣጠር ሰው መሆኔን እያሰብኩ፣ በኩራት 3፡00 ብዬ መዘገብኩ። ሲስተሙ በ1.1 ሰከንድ ተቀበለው። ግብዣው ጓንጁ ደረሰ። አረንጓዴ።

የኮምፒውተሩ 3፡00 የእኛ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

እኛ ቀኑን ከንጋት ነው የምንቆጥረው። አገራችን ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ ፀሐይዋ ክረምት ከበጋ ብዙ ሳትዘበራረቅ ትወጣለች፤ እሷ ወጥታ አንድ ሰዓት ሲያልፍ አንድ ሰዓት እንላለን። ፈረንጁ ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል። በመሐል ስድስት ሰዓት አለ። ባለ ዘንግ ሰዓት ያሰረ ሰው ይህን በቀላሉ ያውቀዋል፤ አጭሩ ዘንግ ጫፉ ዘጠኝን ሲያሳይ ጭራው ሦስት ላይ ነው። ፈረንጁ ጫፉን ያነባል፣ እኛ ጭራውን። ካላንደሩ ግን ጭራ የለውም።

ከሌሊቱ 8፡50 ላይ የሀጂ ስልክ ጮኸ። «ስብሰባዎ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይጀምራል።» ቻይናዊው፣ አገሩ ከእኛ አምስት ሰዓት ስለሚቀድም፣ ልክ ሥራ ሲገባ ቢሮው ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸዋል። እኔ እቤቴ ተኝቻለሁ። ጠዋት ሱቃቸው ስገባ እንዴት እንደምሸሸግ እያሰብኩ ነበር።

ሀጂ ተነሥተው አቀፉኝ።

ለካ ረመዳን ገብቷል። ስልኩ ሲጮህ ሰሁር እንዲበሉ እኔ አስቤ የሞላሁላቸው መስሏቸዋል። «ትንሽ ቸኮለ እንጂ» አሉኝ፤ «ሚስቴ ሩዙን እስክታሞቅ ደረሰልን። አላህ ይስጥህ። እስከ ኢድ እንዲሁ ይቀጥል።» ስለ ቻይናዊው ነገርኳቸው። «እሱም ይጹም» አሉ።

እኔም ሠላሳ ቀን ሙሉ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ «የፕላስቲክ ዋጋ ድርድር» የሚል ቀጠሮ ሞላሁላቸው። እስከ ዛሬ ድረስ ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ ደንበኛ የመረቀኝ በዚያ ስሕተት ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ «ከጠዋቱ» ሳይሉ ቀጠሮ የሚሰጡኝን ሰዎች አልቀበልም። ያም ሆኖ ነገሩ በዚህ አላበቃም። አንድ ቀን ሀጂ ስልካቸውን እያገላበጡ «ይሄ ናይሮቢ ምንድን ነው?» አሉኝ። በቀጠሮው ግርጌ «የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት፣ ናይሮቢ» ይላል። «እኔ ናይሮቢ ሄጄ አላውቅም። ቀጠሮዬ ለምን ሄደ?»

እውነታቸውን ነው። የዓለም ኮምፒውተሮች የየአገሩን ሰዓት የሚያነቡበት አንድ የጋራ መዝገብ አለ፤ በዚያ መዝገብ ላይ አዲስ አበባ ዛሬ ለናይሮቢ የተሰጠች ሌላ ስም ናት። የሁለቱ ከተሞች ሰዓት አንድ ስለሆነ ማሳጠራቸው ነው። የድሮውን ዝርዝር ግን አልጣሉትም። እሱን ፈልጌ ሳነብ ነው ዓይኔ የቆመው። አዲስ አበባ የራሷ ሰዓት ነበራት፤ ከግሪንዊች በ2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ የሚቀድም። መዝገቡ ይህ ሰዓት የቆመበትን ቀን ይጽፋል፦ እንደ ፈረንጅ ሜይ 5 ቀን 1936። በእኛ ሚያዝያ 27 ቀን 1928።

ቀኑን የማያውቅ ካለ፣ የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ የገባበት ቀን ነው። ልክ በአምስት ዓመቱ ንጉሠ ነገሥቱ የተመለሱበትና የድል በዓል የምናከብርበትም ቀን ነው። ጣልያን በዚያ አምስት ዓመት ውስጥ ብዙ ነገር አዛውሯል። አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ትልቁን ገበያ ነቅሎ ወደዚህ ወደ ምዕራብ አመጣው፤ እኛም ስሙን እንኳን ሳንቀይር «መርካቶ» እያልን እንሸጥበታለን። በመዝገቡ መሠረት ግን ከገበያው በፊት የነቀለው ሰዓቱን ነው። ወደ ፊት ገፋው፣ በ24 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ።

ይህን ለሀጂ ስነግራቸው ጠጥተው ያልጨረሱትን ሻይ አስቀመጡ። «ታዲያ ሃያ አምስት ደቂቃ ያረፈደ ሰው...»

«በጣልያን ሰዓት አርፍዷል።»

«በእኛስ?»

«በእኛ ሀጂ፣ በሰዓቱ ነው የመጣው።»

ይህን መንገሬ በኋላ ዋጋ አስከፍሎኛል። እደርስበታለሁ።

ሰዎች ክትትል ማለት ማሽን ሲወድቅ ማየት ይመስላቸዋል። ትልልቆቹ ውድቀቶች እኮ ብርቅ ናቸው። ሰኔ 11 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ የጉግል ካላንደር ለሦስት ሰዓት ያህል ዓለምን ጥሎ ጠፍቶ ነበር። በየአገሩ ያሉ የቢሮ ሰዎች የት መሄድ እንዳለባቸው ጠፍቷቸው ቡና ጠጡ። እኛ ጋ ማንም ልብ አላለውም፤ በዚያው ሰኔ አገር ውስጥ ኢንተርኔቱ ራሱ ደጋግሞ ሲዘጋ ስለነበር የጉግልን መጥፋት ከምን ለይተን እናውቀዋለን? ታኅሣሥ 5 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ፣ ሰኞ ከቀኑ 8፡46 እስከ 9፡33፣ ኢሜይሉም ካላንደሩም ዩቲዩቡም አንድ ላይ ወደቁ። 47 ደቂቃ ነው፤ የወሩን 43 ደቂቃ በአንድ ቁጭታ ጨርሰውት አለፉ።

ምክንያቱ ከወጣ በኋላ ለሀጂ ማስረዳት አላቃተኝም። ጉግል ውስጥ ሰውየው ማን እንደሆነ የሚያጣራ ክፍል አለ። ይህ ክፍል የሚሠራበት ኮታ አለው፤ ኮታውን የሚያድለው ሌላ ማሽን ነው። ያ አዳይ ማሽን በስሕተት የአጣሪው ክፍል ፍጆታ ዜሮ ነው የሚል ሪፖርት ደረሰው። ዜሮ ከተጠቀመ ምን ያደርግለታል ብሎ ኮታውን ቀነሰበት። ወዲያው በር ላይ ማንነት የሚያይ ጠፋና ሁሉም ውጭ ቀረ። «ስኳር አልወሰድክም ብለው ከሸማቾች ስሜን እንደሰረዙት» አሉ ሀጂ። ልክ እንደዚያ ነው። ወስደው ነበር፤ ጸሐፊው ነው ያልመዘገበላቸው።

የእኛ ቢሮ ውድቀት ከዚህ ያነሰ ክብር አለው። በመጀመሪያው ዓመት ላይ መከታተያችንን ኢሜይሉ ሲበላሽ ለሁላችንም ማስጠንቀቂያ እንዲልክ አድርገን ሠርተነው ነበር። በምን ይልካል? በኢሜይል። አንድ ከሰዓት በኋላ አገልግሎቱ ተቋረጠ፤ ደንበኞች መደወል ጀመሩ፤ እኛ «የለም፣ ምንም ማስጠንቀቂያ አልደረሰንም» እያልን ተከራከርናቸው። ማታ አገልግሎቱ ሲመለስ አርባ ማስጠንቀቂያ አንድ ላይ ገባ። ሱቅ ዘግቶ «ተዘግቷል» የሚለውን ወረቀት በውስጥ በኩል እንደ መለጠፍ ነው። አሁን በአጭር መልእክት ነው የሚመጣው፤ መብራት ሲሄድም ስልክ ለጊዜው ይሠራል።

ከሁሉም ያስቸገረኝ ግን የቤት ኪራይ ነው። ከሀጂ ሱቅ ሥር ያለ ወጣት ነጋዴ ወር በገባ በ1 ኪራይ ይከፍላል፤ ስልኩ እንዲያስታውሰው ፈለገ። መስከረም 1 ብዙ ጊዜ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ስለሚውል «በየወሩ በ11» ብዬ ሞላሁለት። ጥቅምት ላይ ልክ ነበር። ኅዳር ላይ በ2 ጮኸ። ጥር ላይ በ3፣ የካቲት ላይ በ4። ነሐሴ ሲደርስ በ5 ነው የሚጮኸው። አከራዩ እንደ ወሩ የሚንሸራተት ተከራይ አይቶ አያውቅም። ይቅር አልኩና «በየ30 ቀኑ» ብዬ ቀየርኩት። ይህኛው ሲያምር! ከመስከረም እስከ ነሐሴ በየወሩ በ1፣ ዝንፍ ሳይል። ከዚያ ጳጉሜን 1 ቀን ጮኸ። ልጁ ተኝቶ ከእንቅልፉ ሲባንን ስልኩ የአሥራ ሦስተኛ ወር ኪራይ ክፈል ይለዋል። በኢትዮጵያ ምድር የጳጉሜን ኪራይ ሲከፈል ማን አይቷል? አከራዩ ሰምቶ ግን ሐሳቡን እንደወደደው ነገሩኝ። ልጁ ያን ቀን ስልኩን ማጥፋት ነበረበት።

የሚገርመው፣ የዚህ መድኃኒት ተጽፎ ተቀምጧል። የኢንተርኔት መሐንዲሶች ተደጋጋሚ ቀጠሮ ከፈረንጅ ውጭ ባሉ አቆጣጠሮች እንዴት እንደሚያዝ የሚደነግግ ሰነድ በ2007 ዓ.ም. አውጥተዋል፤ ቁጥሩ 7529 ነው። ሰነዱን ከፍታችሁ ምሳሌዎቹን ብታነቡ የቻይና አዲስ ዓመት አለ፤ ከእሱ ወረድ ብሎ ምን አለ? የእኛ ጳጉሜን። በእኛ አቆጣጠር 13ኛው ወር ተብሎ፣ ጳጉሜን 1 ቀን 2005 በምሳሌነት ተቀምጧል። አየሩ ላይ የሚንሳፈፈው ድንጋጌ ጳጉሜንን ያውቃታል። እኔ የምጠቀምበት የካላንደር ሳጥን ግን «በየቀኑ፣ በየሳምንቱ፣ በየወሩ፣ በየዓመቱ» ብቻ ይላል፤ በየትኛው ወር እንደሆነ ብትጠይቁት የሚያውቀው አንድ ነው። እኔም የእሱን ፍጥነት እለካለሁ። የተሳሳተውን ቀን በ1.1 ሰከንድ ነው የሚመዘግበው።

ሀጂ ግን ለዚህ ሁሉ መልስ አላቸው። ከወንበራቸው ጀርባ የግድግዳ ካላንደር ተሰቅሏል። የኢትዮጵያው ቀን በትልቁ፣ የፈረንጁ በትንሹ፣ የበዓላቱ በቀይ። የረመዳንን መግቢያ እሳቸው በእርሳስ ጨምረውበታል፤ የቻይና ፋብሪካዎች ለአዲስ ዓመታቸው የሚዘጉበትንም ሳምንት እንዲሁ። አራት አቆጣጠር በአንድ ወረቀት ላይ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች ልጃቸው በበጋ ሰባት፣ በክረምት ስምንት ሰዓት ከእኛ ወደ ኋላ እንደምትሆን ጥግ ላይ ጽፈዋል፤ በጋና ክረምት ያሉት የእሷን አገር ነው። ካላንደሩን በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ ይገዙታል። መብራት ቢሄድ ይነበባል። አንድ ቀን «የዚህን ክትትል በስንት ታደርጋለህ?» ብለው ጠየቁኝ። ወረቀቱ ከምስማሩ ካልወደቀ በስተቀር የምቆጣጠረው ነገር የለም።

አሁን ስለ ጣልያን ሰዓት መንገሬ ዋጋ ወዳስከፈለኝ ቀን ልምጣ።

ባለፈው ጥቅምት፣ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሀጂ ሱቅ ውስጥ ስብሰባ ነበር። እሳቸው፣ ሁለት ጅምላ ገዢዎች፣ አንድ ትራንዚተርና እኔ። ያለፈውን ስሕተት ስለማልረሳ 9፡00 ብዬ ነው የመዘገብኩት፤ ሁለት ጊዜ አየሁት። ግብዣው ለአራቱም ደረሰ። አራቱም «እሺ» ብለው መለሱ። ለተጋባዦቹ ክፍት ሰዓት ስጠይቅ ማሽኑ ሁሉም ባዶ ናቸው አለኝ። የፈጀበት ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ትንሽ ያልፋል። ስክሪኔ ሜዳ ነው የሚመስለው፣ አረንጓዴ በአረንጓዴ።

ሦስት ሰዓት ላይ ሱቁ ውስጥ እኔና ሸራው ብቻ ነበርን።

ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ስልኬን አወጣሁ። ምናልባት ሲስተሙ ወድቆ ይሆናል። አልወደቀም። ጠሪ ተጠሪን ጠርቶታል፤ ተጠሪ እሺ ብሎታል። አራቱ ሰዎች ደግሞ እሺ ብለው የሉም። ለዚህ የሚበራ ቀለም አልሠራንም።

የሻይ ቤቱ ልጅ ብርጭቆ ሊሰበስብ ገባና ፊቴን አየ። «ማንን ነው የምትጠብቀው?» ነገርኩት። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ ትቶልኝ ወጣ። አሥራ አንድ ደቂቃ ቆየ፤ ልማድ ሆኖብኝ ቆጥሬዋለሁ። ተመልሶ እንዲህ ብሎ ዘገበልኝ፦ «አንደኛው ራጉኤል ጋ ሚኒባስ ውስጥ ናቸው፣ መንገዱ ተዘግቷል፣ ሃያ ደቂቃ ይበሉት። ሁለተኛው ቦምብ ተራ ዕቃ እያስጫኑ ነው፣ ሲጨርሱ ይመጣሉ፣ ለእሳቸው ሻይ ያለ ስኳር ነው። ትራንዚተሩ አይመጣም፤ ‹እሺ ያልኩት ስልኩ ዝም እንዲልልኝ ነው› ብሏል። ሀጂ እየመጡ ነው፣ ሰው አስቁሟቸው ነው።»

እኛ ሁለት የውሸት ሰዎች፣ አንድ ሰርቨርና የአራት ፎቅ ደረጃ ይዘን ያላወቅነውን ይሄ ልጅ በአንድ ትሪ አወቀው። እያንዳንዱ የት እንዳለ፣ ለምን እንደዘገየ፣ መቼ እንደሚደርስ፣ ሻዩ ስኳር እንዳለውና እንደሌለው። ደመወዙን ጠየቅሁት። አልነግራችሁም፤ የእኔን ያሳፍራል።

ሀጂ በሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ ገቡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ወንበራቸው ላይ ተመቻችተው፣ የግድግዳውን ካላንደር በጀርባቸው አድርገው አዩኝ። ዓይናቸው ይስቃል።

«አርፍደዋል ሀጂ» አልኩ።

«እኔ?» አሉ። «እኔ ከጣልያን በፊት ባለው ሰዓት ነው የመጣሁት። አንተው ራስህ ነህ የነገርከኝ።»

ሒሳቡን በልቤ ሠራሁት። ከሦስት ሰዓት ከ25 ላይ 24 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ቢቀነስ፣ ያሳለፉት 20 ሰከንድ ነው።

ስብሰባው አራት ሰዓት ላይ ተጀመረ። በስክሪኔ ላይ ቀጠሮው «ተሳክቷል» በሚለው ረድፍ ሥር ነው ያለው።